በአነስተኛ ገንዘብ ባለ ሞላ ሰንጢ እንዴት ይመረጣል?

ደሴ ላይ የእጅ መሣሪያ እየሳልሁና እየጠገንሁ ስለምተዳደር፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስከ ጭነት መኪና ረዳት፣ ከሐይቅ ዓሣ አስጋሪ እስከ መርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ድረስ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ብዙ ገንዘብ የለኝም፤ ቁልፉን ስጫነው ብድግ ብሎ የሚከፈት ጥሩ ሰንጢ የትኛው ነው?» ጥያቄው በአንድ ስም የሚመለስ አይደለም። በገበያችን የሚገኘው ሰንጢ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ሰንጢዎችም በውስጣቸው ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ የትኛውንም ሰንጢ በእጅዎ ይዘው ራስዎ መርምረው እንዲወስኑ የሚያስችልዎትን አሠራር በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

አስቀድሜ ቃላቱን ልለይ። «ስለት» የምለው ከእጀታው የሚወጣውን ብረት በሙሉ ነው። «አፍ» የሚቆርጠው ጠርዝ፣ «ጀርባ» ደግሞ ከአፉ በተቃራኒ ያለው ወፍራም ወገን ነው። «መቀርቀሪያ» የተከፈተው ስለት ተመልሶ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ክፍል ሲሆን፣ «ቁልፍ» ደግሞ ሞላውን ለመልቀቅ በጣት የሚጫኑት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወደ ገበያ ሲሄዱ የሚይዟቸው፦

- ከደብተር የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት
- አንድ ክንድ ያህል የሲባጎ ገመድ
- እንደ እርሳስ የቀጠነ ደረቅ የወይራ እንጨት
- ማስመሪያ
- መብራት ያለው ስልክ
- ወፈር ያለ ጨርቅ

ከገዙ በኋላ የሚያስፈልጉዎት፦

- በአንድ ወገኑ ቁጥር 400፣ በሌላው ቁጥር 1000 የሆነ የመሳያ ድንጋይ
- የስፌት መኪና ዘይት
- ያረጀ የጥርስ ብሩሽ
- የሰንጢውን ብሎን የሚገጥም ትንሽ ካቻቪቴ (ብዙውን ጊዜ ባለ ኮከብ ጫፍ ቁጥር 6 ወይም 8)

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ ሰንጢን እንደ ሥራ መሣሪያ ብቻ ይመለከታል። በኬላና በመናኸሪያ ፍተሻ ላይ ሰንጢ ሊወሰድብዎና ሊያስጠይቅዎ ይችላል፤ ቁልፍ ተጭነው የሚከፍቱት ከሆነማ ጥርጣሬው ይብሳል። ስለዚህ ከሥራ ቦታ ውጭ ከመሣሪያ ሣጥን አያውጡት። ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት እንጂ በእጅ ይዘው ለመግባት አይሞክሩ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክልዎ ከማዘዝዎ በፊት ደግሞ የዚያን አገር ሕግ ያስጠይቁ፤ ለምሳሌ እንግሊዝ ባለ ሞላ ሰንጢ መሥራትን፣ መሸጥንና ማስገባትን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለች ስለሆነ፣ ወንድምዎን ወይም እኅትዎን ሳያውቁት ችግር ውስጥ ሊከቷቸው ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚቆርጡበት ይወስኑ

ርዝመቱም፣ ውፍረቱም፣ የብረቱም ዓይነት የሚወሰነው በሥራው ነው። ጆንያ፣ ገመድና ካርቶን ለሚቆርጥ ሰው ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በጀርባው በኩል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ስለት ይበቃዋል። ከዚህ የወፈረው ጠንካራ ቢመስልም ብርቱካኑንም ሆነ ካርቶኑን ከመቁረጥ ይልቅ እየሰነጠቀ ያስቸግራል። ዓሣ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም የቁልቋል ፍሬ የሚነካ ሰንጢ የማይዝግ ብረት ሊሆን ይገባል፤ የፍሬው አሲድና የዓሣው እርጥበት ተራውን ብረት በአንድ ቀን ያጠቁሩታልና። የሽቦ ልባስ ለሚልጥ ሰው ከሁሉም አጭሩ ይሻለዋል። ኃይል ያለበትን ሽቦ ግን በሰንጢ አይንኩ፤ የብዙዎቹ እጀታ በውስጡ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ እጅዎ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ሞላው በእርግጥ ያስፈልግዎት እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ

ታጣፊ ሰንጢዎች በአከፋፈታቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው በአውራ ጣት ወይም በሁለት እጅ ተስቦ የሚከፈተው ተራው ነው። ሁለተኛው ስለቱን በጣትዎ ሲጀምሩት ሞላ ተቀብሎ የሚጨርስልዎት ነው። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ባለ ሞላ የሆነው፣ ቁልፉ ሲጫን ያለ ሌላ እገዛ የሚከፈተው ነው። ይህ ሦስተኛው ራሱ በሁለት ይከፈላል፤ ስለቱ እንደ ተራ ሰንጢ በጎን ዞሮ የሚወጣ አለ፣ በእጀታው ጫፍ በኩል ቀጥ ብሎ የሚወረወርም አለ።

በአነስተኛ ገንዘብ በሚገዛ ባለ ሞላ ሰንጢ ውስጥ ሞላው፣ ቁልፉና የቁልፉ መጠበቂያ (ቁልፉ ሳይታሰብ እንዳይጫን የሚይዘው ክፍል) ሁሉ ወጪ ያስወጣሉ፤ የመሸጫው ዋጋ ዝቅተኛ ሆኖ እንዲቀር ደግሞ አምራቹ የሚቀንሰው ከብረቱና ከመቀርቀሪያው ጥራት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ሁለት ሰንጢዎች መካከል ተራው በጣት የሚከፈተው፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ፣ የተሻለ ስለትና የታመነ መቀርቀሪያ ይኖረዋል። አንድ እጅዎ ሁልጊዜ የሚያዝበት ሥራ፣ ማለትም መሰላል ላይ ቆሞ መሥራት፣ ጭነት ማሰር ወይም እንስሳ መያዝ ከሌለብዎ፣ ምክሬ ተራውን እንዲገዙ ነው። አንድ እጅ የግድ ከሆነብዎ ደግሞ በመጀመሪያ ሁለተኛውን ዓይነት ይፈልጉ። ሦስተኛውን ከመረጡ በጎን የሚወጣውን ይግዙ። ቀጥ ብሎ የሚወረወረው ርካሽ ከሆነ በአቧራና በኪስ ብናኝ ይታነቃል፤ ስለቱም ከሐዲዱ ላይ ስለሚወዛወዝ ተጭነው የሚቆርጡበት አይደለም።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ጭምር ነው። ሥራ በጀመርሁበት ጊዜ ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛሁት ባለ ሞላ ሰንጢ፣ ጆንያ ለማንሣት ጎንበስ ስል ኪሴ ውስጥ ተከፍቶ ጭኔን ወግቶኛል። የቁልፍ መጠበቂያ አልነበረውም፤ እኔም መኖር እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ደረጃ 3፦ ገንዘብዎን አስቀድመው ይከፋፍሉ

ካለዎት ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱን ለመሳያ ድንጋይና ለዘይት ያስቀሩ። የማይሳል ውድ ሰንጢ በየሳምንቱ ከሚሳል ርካሽ ሰንጢ ያነሰ ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ብረቱን ያንብቡ

ስለቱን ከፍተው በእጀታው አጠገብ የተቀረጸውን ጽሑፍ በስልክዎ መብራት ይመልከቱ። ብረት ጠንክሮ አፉን እንዲይዝ የሚያደርገው ካርቦን ነው፣ ከዝገት የሚጠብቀው ደግሞ ክሮሚየም ነው። አንድ ብረት ስንት ካርቦንና ስንት ክሮሚየም እንዳለው ካወቁ ጠባዩን ከሞላ ጎደል ያውቁታል። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያዩአቸው እነዚህ ናቸው፦

- 3ሲአር13 (3Cr13) እና 420፦ በብዛት ካርቦናቸው ወደ 0.3 በመቶ ስለሆነ በቀላሉ አይዝጉም፣ ነገር ግን ቶሎ ይዶለዱማሉ። ለፍራፍሬ ይሆናሉ፤ ለገመድና ለካርቶን አይመከሩም።
- 8ሲአር13ሞቭ (8Cr13MoV)፦ ካርቦኑ ወደ 0.8 በመቶ፣ ክሮሚየሙ ወደ 13 በመቶ ነው። በአነስተኛ ገንዘብ ከሚገኙት ሁሉ ሚዛኑን የጠበቀ፣ በተራ ድንጋይም በቀላሉ የሚሳል ስለሆነ፣ ካገኙት አይለፉት።
- 440ሲ፦ ወደ 1 በመቶ ካርቦንና ወደ 17 በመቶ ክሮሚየም ያለው ጥሩ ብረት ነው። ከ440 ቀጥሎ ፊደል ከሌለ ግን ዝቅተኛው 440ኤ ሊሆን ስለሚችል እንደ 440ሲ ቆጥረው ዋጋ አይክፈሉ።
- ዲ2፦ ወደ 1.5 በመቶ ካርቦን ስላለው አፉን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ክሮሚየሙ ወደ 12 በመቶ ቢሆንም ከፊሉ ከካርቦኑ ጋር ስለሚተሳሰር እርጥብ ሆኖ ከተተወ ይዝጋል። ለመሳልም ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ስቴንለስ»፣ «ኢኖክስ» ወይም «ሮስትፍራይ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ከተቀረጸ ብረቱ አይዝግም ማለት እንጂ ይቆርጣል ማለት አይደለም። ምንም ካልተጻፈበት እንደ ዝቅተኛው ዓይነት ቆጥረው ዋጋውን ይነጋገሩ። የተጻፈውም ቢሆን ማረጋገጫ የሚሆነው ብረቱ በሚገባ በእሳት ተጠብሶ ከተቀዘቀዘ ብቻ ስለሆነ፣ በደረጃ 7 ያለውን ፈተና ሳያደርጉ አይመኑት።

በስለቱ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚታይ ጌጥ ያላቸው ሰንጢዎች በርካሽ ሲቀርቡ ብዙዎችን ያታልላሉ። ሞገዱ በእርግጥ ብረት በብረት ላይ ተደርቦ የተሠራ ከሆነ መስመሩ ወደ ጀርባው ተሻግሮ መታየት አለበት። ጀርባው ሙልጭ ያለ ከሆነ ጌጡ በላዩ ላይ የተሳለ ነው።

ደረጃ 5፦ መቀርቀሪያውን ይፈትኑ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን ብቻ የሚያደርጉ ቢሆኑ እንኳ ጣትዎን ያተርፉታል። በእኔ ዘንድ በጨርቅ የታሰረ ጣት ይዘው ከሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹን የጎዳቸው ያልተሳለ አፍ ሳይሆን ሥራ መሐል ላይ የታጠፈ ስለት ነው።

በመጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ። ስለቱ ሲከፈት ከእጀታው ውስጥ ቀጭን የብረት ቅጠል ወደ ጎን ተፈናጥሮ ከስለቱ ተረከዝ (በማጠፊያው በኩል ካለው ጫፉ) ሥር የሚገባ ከሆነ፣ ቅጠሉ በተረከዙ ላይ ከሩብ እስከ ግማሽ ድረስ ገብቶ መቆም አለበት። ጫፉን ብቻ ከነካ ይንሸራተታል። ገና አዲስ ሳለ እስከ ማዶ ከተሻገረ ደግሞ ቀድሞውኑ ያለቀ ነው። መቀርቀሪያው በእጀታው ጀርባ ላይ የሚጫኑት ከሆነ ሲገጥም ጠንከር ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይስሙ፤ ጥርሱ ያለበት ጎድጓዳ ቦታም በአቧራ ያልተሞላ መሆኑን በመብራት ይዩ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል እንዳለው ዓይነት የሚዞር ቀለበት ከሆነ፣ ቀለበቱ በእጅ ሲዞር ጠበቅ ማለት አለበት። በነገራችን ላይ ይህ ሰንጢ የእንጨት እጀታ ስላለው በክረምት የደሴ ጉም ውስጥ እንጨቱ አብጦ ለመክፈት ሊያስቸግር ይችላል፤ ብልሽት ሳይሆን ጠባዩ ነው። መቀርቀሪያ ፈጽሞ የሌለው፣ በሞላ ግፊት ብቻ የሚያዝ ሰንጢም አለ። እርሱ ለፍራፍሬና ለቀላል ሥራ በቂ ነው፤ በጫፉ ለመውጋት ወይም ለመፈልፈል ግን አይጠቀሙበት።

ከዚያም በሚከተለው መንገድ ይፈትኑት።

1. ስለቱን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። እጀታውን በጎንና በጎኑ ብቻ ይያዙ፤ ስለቱ ሲታጠፍ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ምንም ጣት አይኑር።
2. የስለቱን ጀርባ በጠረጴዛ የእንጨት ጠርዝ ላይ አስደግፈው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይጫኑ። መቀርቀሪያው ከተንሸራተተ ሰንጢውን ለሻጩ ይመልሱ፤ ዋጋ አይነጋገሩ።
3. የስለቱን ጫፍ በጨርቅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያነቃንቁት። ወደ ግራና ቀኝ ጥቂት መነቃነቅ የማጠፊያውን ብሎን በማጥበቅ ሊስተካከል ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ጉድለቱ ከመቀርቀሪያው ስለሆነ ብሎን አያድነውም።

ጀርባውን በጠረጴዛ ላይ በኃይል እየመቱ መፈተን የተለመደ ነው፤ ይህን አያድርጉ። በተራ ሥራ ላይ የማይደርስ ምት ስለሆነ ደህናውንም መቀርቀሪያ ያበላሻል።

ደረጃ 6፦ ሞላውንና ቁልፉን ይፈትኑ

ባለ ሞላ ያልሆነ ሰንጢ የመረጡ ሰዎች ይህን ደረጃ ማለፍ ይችላሉ።

ሰንጢውን ከሰው፣ ከፊትዎና ከሌላው እጅዎ ወደ ራቀ አቅጣጫ ይዘው ቁልፉን 20 ጊዜ ይጫኑ። በየጊዜው ስለቱ ያለ እጅ ውርወራ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ በራሱ መቆለፍ አለበት። ከ20 አንዱን እንኳ ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ሞላው ደካማ ነው ወይም ማጠፊያው ጠብቋል፤ ሻጩ ብሎኑን አላልቶ ካስተካከለው እንደገና ከአንድ ይጀምሩ። ከዚያ ስለቱ ወደ ላይ እየተነሣ እንዲከፈት አድርገው ይዘው ይድገሙት፤ የራሱን ክብደት ማንሣት የማይችል ሞላ ትንሽ አቧራ ሲገባበት ሥራ ያቆማልና።

ቀጥሎ መጠበቂያውን ይመልከቱ። መጠበቂያው ተዘግቶ ሳለ ቁልፉን በኃይል ቢጫኑትም ስለቱ መንቀሳቀስ የለበትም። መጠበቂያው ራሱም በኪስ ውስጥ በመፋተግ ብቻ የሚንሸራተት ልል መሆን የለበትም። ቁልፉ ከእጀታው ገጽ በላይ ጎልቶ ከወጣ ጥሩ አይደለም፤ ከገጹ ጋር እኩል የሆነ ወይም ጥቂት ገባ ያለ ይምረጡ። በመጨረሻም የተዘጋውን ሰንጢ በጨርቅ ጠቅልለው የእጀታውን ጀርባ በመዳፍዎ ደጋግመው ይምቱት፤ በዚህ ምት ከተከፈተ በኪስዎም ውስጥ ይከፈታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በጎን በሚከፈቱት በብዙዎቹ ላይ የሚከፍተው ቁልፍና የሚቀረቅረው አንድ ናቸው። ስለዚህ በሚቆርጡበት ጊዜ አውራ ጣትዎ በቁልፉ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ስለቱ ሊለቅ ይችላል። በሥራ ጊዜ እንደሚይዙት አድርገው ይያዙትና ጣትዎ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ያስፈልጋል። በባቲ የሰኞ ገበያ የሚገዙ ከሆነ ሰው ሳይበዛ ማልደው ይድረሱ፤ ሻጩን በትሕትና አስፈቅደው ይፈትኑ። «ሳትገዛ አትክፈተው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አመስግነው ይለፉ።

ደረጃ 7፦ አፉንና እጀታውን ይፈትኑ

ወረቀቱን በአንድ እጅ አንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች ይቁረጡ። ሳይቀድድ የሚያልፍ አፍ በሚገባ ተስሏል። ከዚያ ከወይራው እንጨት ላይ አምስት ስድስት ቅርፊት ልጠው፣ ሲባጎውን ሁለት ሦስት ጊዜ በጥሰው ወረቀቱን እንደገና ይቁረጡ። አሁን መቅደድ ከጀመረ፣ አፉን በመብራት ሥር ትይዩ አድርገው ይመልከቱት፤ የሚያብረቀርቅ መስመር ወይም የተሸረፈ ቦታ ያያሉ። የሚያብረቀርቀው አፉ የተጠማዘዘበት ስለሆነ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ የተሸረፈው ደግሞ ከልክ በላይ ደርቋል ወይም ከልክ በላይ ቀጥኗል። ሰንጢው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ዶልዱም ከነበረ ግን በዚህ ብቻ አይጣሉት፤ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ድንጋይ ያስተካክለዋል።

እጀታውን እጅዎን በውኃ አርጥበው ይጨብጡት። ከመዳፍዎ የሚያንሸራትት ለሐይቅ ዓሣ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 8፦ በገዙበት ቀን የሚሠሩት

በማጠፊያው ውስጥ የፋብሪካ ብናኝ ስለሚኖር በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ያድርጉበት። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ቆሻሻ ይዞ ይገባል። ከከሚሴ እስከ ባቲ ባለው ቆላ አቧራው ብዙ ስለሆነ ዘይቱ በበዛ ቁጥር ሞላው ይታነቃል።

ሲስሉ በእያንዳንዱ ወገን ወደ 20 ዲግሪ ያዘንብሉት። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስለት ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ይህን ማዕዘን ይይዛል። በቁጥር 400 ጀምረው፣ በተቃራኒው ወገን በጣት የሚሰማ ቀጭን የብረት ጭራ ሲወጣ ወደ ሌላው ወገን ይለፉ፤ ከዚያ በ1000 ይጨርሱ። ጭራው መውጣቱ አፉ ላይ መድረስዎን የሚነግርዎት ዋናው ምልክት ስለሆነ፣ ሳይወጣ ቢደክሙም አልሳሉም።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለ ሞላ ሰንጢን ለማጽዳት ብለው እጀታውን አይፍቱት። ሞላው ተጠምዝዞ ስለሚቀመጥ ብሎኑ ሲለቅ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ብረቱን በማግኔት መፈተን አንዱ ነው። ማግኔት ከያዘው ይዝጋል፣ ካልያዘው አይዝግም የሚል እምነት አለ፤ ነገር ግን ጠንክሮ አፍ መያዝ የሚችል የማይዝግ ብረትም ማግኔት ይይዘዋል። እንዲያውም ማግኔት ፈጽሞ የማይዘው ስለት በእሳት ሊጠነክር የማይችል ዓይነት ስለሆነ ለሰንጢ አይሆንም።

ሁለተኛው በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ድንጋይ ማሳል ነው። የሰንጢ ብረት ብዙውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ መለስለስ ይጀምራል፤ ቀጭኑ አፍ ደግሞ በሰከንድ ውስጥ እዚያ ይደርሳል። አፉ ላይ ወርቃማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካዩ ያ ቦታ በድንጋይ ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ዳግም አፍ አይዝም።

ሰንጢን እንደ ካቻቪቴ ወይም እንደ መፈልፈያ መጠቀም ጫፉን ይሰብራል፣ ማጠፊያውን ያላላል። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ የሚበዛብዎ ከሆነ ከመኪና ባሌስትራ ላይ ጥሩ አድርጎ የሚቀጠቅጥ ብረት ሠሪ ፈልገው የማይታጠፍ ቢላዋ ከነአፎቱ ያሠሩ፤ በዚያው ገንዘብ ከማንኛውም ታጣፊ ይበልጥ ይጠነክራል።

ባለ ሞላውን ለልጆች ማሳያ እያደረጉ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋትም ሞላውን በተቆለመመበት ጫፍ ላይ ያደክመዋል፤ ሲሰበርም የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። ለርካሽ ሰንጢ መለዋወጫ ሞላ አይገኝም። ልጆቹም ያዩትን ይሞክራሉና፣ ከሥራ ሲመለሱ መጠበቂያውን ዘግተው እጃቸው በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።